በታኅሣሥ የሞላ ወንዝ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህሬ ለየኔታ ወልደ ሩፋኤል፣

ጉልበትዎን ስሜ እጅ እነሣለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልዎ ቆይቼ ዛሬ ጤናዎን ስጠይቅ ማፈሬን ይወቁልኝ። በጨው ነጋዴው በደምለው አፍ የላኩት ቃል ደርሶኛል። እንጀራዬን ከየት እንደማገኝ ለጠየቁኝ፣ በጣሊያኖች ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ከእርስዎ ዘንድ ከወጣሁ በኋላ አሥመራ የለመድሁት ቋንቋ ለዚህ አበቃኝ። ሚስትም አግብቻለሁ፤ የአምበር ልጅ ናት፣ የብርጓል ትባላለች።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ደብተር ልኬልዎታለሁ። ልብ ወለድ ታሪክ ነው፤ አሥራ አራት ገጽ ሆኗል። አንዲት የደጋ መንደር በነሐሴ ወር በወታደር እጅ ስትጠፋ ያሳያል። መንደሯም፣ ሽማግሌውም፣ አስተርጓሚውም ከሐሳቤ የወጡ ናቸው። ድሮ ቅኔዬን ሲያርሙ እንደ ነበረው፣ የትኛው ቃል ሥራውን እንደ ሠራ፣ የትኛው እንደ ሰነፈ ይንገሩኝ። ደብተሩን ግን ሌላ ሰው እንዳያየው አደራ።

እናቴን ዘሪቱን ካገኟት ደኅና መሆኔን ይንገሩልኝ። ሁለት ጊዜ ሰው ልኬባት መልስ አልመጣልኝም።

ደቀ መዝሙርዎ ባዘዘው


ከደምበጫ ማዶ፣ ኅዳር 2 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለልጄ ለባዘዘው፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር ቆሜ እሄዳለሁ። የቅኔ ቤቱ ተማሪ ከሰባ ወደ ዘጠኝ ወርዷል። የቀረው ዱር ገብቷል፣ ወይም ዱር ገብቶ አልተመለሰም። መልሴ የዘገየብህ ደብተርህን ሦስት ጊዜ ስላነበብሁት ነው። እንዳዘዝኸኝም ለማንም አላሳየሁም።

በወደድሁት ልጀምር። እሳቱ ካለፈ በኋላ አንዲት ዶሮ አምጥተሃል። «አመዱን ልትጭር ቀረበች፤ እግሯን አነሣች፤ አስቀመጠች፤ እንደ ገና አነሣች» ብለሃል። አመዱ ይፋጃል አላልህም፤ የእኔን እግር ግን ፈጀው። ግሡን ስላሳጠርኸው ንባቤም እንደ ዶሮዋ እየነካ የሚሸሽ ሆነ። እዚያ ላይ ደብተሩን አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጣሁ።

ከዚያ ወረድ ብለህ «እጅግ አሰቃቂ፣ ዘግናኝ፣ ልብ የሚሰብር ጥፋት» ትላለህ። ሦስት ቅጽል ደረደርህ፤ አንዱም ልቤን አልሰበረውም። ለቅሶ ቤት ገብታ «እዘኑ፣ እዘኑ» የምትል አልቃሽ አይተህ ታውቃለህ? የምታውቅ አልቃሽ የሟቹን በትር አንሥታ ታሳያለች፤ ሕዝቡ ከዚያ በኋላ በራሱ ያለቅሳል። ዶሮዋን ከያዝህ ቅጽሎቹን ልቀቃቸው።

ሌላም አለብኝ። ቤቱ ተቃጠለ፣ ከብቱ ተነዳ፣ ሽማግሌው ተገደሉ፣ በሩ ተሰበረ ትላለህ። በአሥራ አራት ገጽ ውስጥ እሳት የያዘ አንድ እጅ አላገኘሁም። «ተቃጠለ» ስትል ቤቱ በራሱ ጊዜ የነደደ ይመስላል። ባለቤት የሌለው ግሥ፣ ባለቤት እንደሌለው ሬሳ መንገድ ላይ ይቀራል። ለብልሃት ብለኸው ከሆነ ብልሃቱን አስረዳኝ። የመንደሩን ሽማግሌ ከማን ወስደህ እንደ ሣልሃቸውም ንገረኝ።

ስለ እናትህ በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ወልደ ሩፋኤል


ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 19 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለየኔታ፣

እርማትዎ ደረሰኝ፤ ቅጽሎቹን በዚያው ቀን ሰረዝኋቸው። ስለ ግሦቹ ሆን ብዬ ነው ብል ሐሰት ይሆንብኛል። እጄ ለምዶት ነው። ጽሕፈት ቤት ውስጥ «መንደሩ ጸጥ ተደረገ» ብለን እንጽፋለን። ማን ጸጥ እንዳደረገው የሚጠይቅ ስለሌለ ብዕሩም አይጠይቅም።

ወሩን ነሐሴ ያደረግሁት ወንዙ መሙላት ስላለበት ነው። መኮንኑ ሽፍቶቹ የት እንዳሉ ሲያስጠይቃቸው ሽማግሌው «ወንዙ ላይ ሙላት አለ፤ ዛሬ አትሻገሩ» ይላሉ። አስተርጓሚው ቃሉን እንደ ሰማው ይተረጉማል። መኮንኑ ግን አያምንም፤ መንደሩ የሚጠፋው በዚህ ነው። የታሪኩ ኀዘን አስተርጓሚው እውነት ተናግሮ አለመታመኑ ነው ብዬ አስቤ ነበር፤ ይህ ካልታየ ጉድለቱ የእኔ ነው።

ሽማግሌውን የትም አይቻቸው አላውቅም።

ለእናቴ የላክሁላት ጋቢ ሳይፈታ ተመልሶ መጣ። ደምለውን ብጠይቀው «አልቀበልም አለች» ብቻ አለኝ። ታማ እንደ ሆነ አይደብቁኝ።

ባዘዘው


ከደምበጫ ማዶ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለባዘዘው፣

እናትህ አልታመመችም። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ተቀምጠህ አንብበው።

ነሐሴ ነው ብለሃል። ሁለተኛው ገጽህ ላይ ግን ሽማግሌው ከአውድማ ላይ ይጠራሉ፤ በልብሳቸው ላይ የገብስ እብቅ አለ። በነሐሴ ገብስ ገና አረንጓዴ ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። አንተ የገበሬ ልጅ ነህ፤ ወሩን በሐሳብህ ፈጠርኸው፣ እብቁን ግን ዓይንህ አልለቀው አለ። ስለዚህ ወሩ ታኅሣሥ ነው። በታኅሣሥ ደግሞ የእኛ ወንዝ ጠጠር ነው፤ ሙላት የሚባል ውኃ የለበትም።

እንግዲህ ሽማግሌው «ወንዙ ላይ ሙላት አለ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ሰሙ ጎርፍ ነው። ወርቁ ሙላት የሚባል ሰው ነው። አንተም ይህን አላጣኸውም። «አስተርጓሚው ወርቁን አልሰማም» ብለህ ጽፈሃልና። አልሰማም የሚባለው የሚሰማ ነገር ሲኖር ነው። ወርቅ የሌለበት ቃል ቢሆን ኖሮ ይህ ዐረፍተ ነገር ለምን ያስፈልግህ ነበር?

ሽማግሌውን ከመነሻ እስከ መድረሻ አንቱ ትላቸዋለህ፤ ወጡ፣ ቆሙ፣ አሉ ትላለህ። በዚያች በአንዲት መልስ ላይ ብቻ «አለ» ትላለህ። የተማረ ሰው በስሕተት አንቱታን አይጥልም። በመኮንን ቋንቋ ሲያናግራቸው የዋለ ሰው ግን ሊጥል ይችላል። ደግሞ ታሪኩ እኛ የሚል ሰው የለበትም። አምስተኛው ገጽ ላይ ግን «ጭሱ ወደ እኛ መጣ» ብለሃል። ያ ጭስ ወደ ማን መጣ?

ልብ ወለደው ያልኸኝን የወለደው ዓይንህ ነው። መንደሩ ዋንዛ አፋፍ ነው። ቀኑ የዛሬ ዓመት በታኅሣሥ ነው። ሽማግሌው ግራ ጌታ ወልደ ሰንበት ናቸው፤ በልጅነት ከእኔ ጋር አብረው ቅኔ የቆጠሩ፣ ተማሪ ሳለህ ለበዓል እየመጡ ቅኔህን የሰሙልህ ናቸው።

የት ቆመህ ነበር?

ወልደ ሩፋኤል


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለየኔታ፣

ስምንት ቀን ብዕር አንሥቼ አስቀመጥሁ። የጠየቁኝን እመልሳለሁ።

በመኮንኑ ግራ ቆሜ ነበር። ግራ ጌታ ከአውድማቸው ተጠርተው መጡ። አወቅኋቸው። እሳቸውም አወቁኝ፤ ግን ስሜን አልጠሩም፤ ቢጠሩት ከእነዚያ ሰዎች ዘንድ ጉዳት ያገኘኛል ብለው ይሆናል። መኮንኑ «ሽፍቶቹን አይቷል ወይ? በለው» አለኝ። እኔም ግራ ጌታን «አይተሃል ወይ?» አልኋቸው። አንተ ብዬ።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ወንዙ ላይ ሙላት አለ፤ ዛሬ አትሻገሩ» አሉ።

ልጄ ያሉት እኔን ነው። ያስጠነቀቁት እኔን ነው። መኮንኑ አገሩን አያውቅም፤ ጎርፍ ነው ቢሉት ሊመለስ ይችል ነበር። ባይመለስ ደግሞ የምሞተው እኔ እንዳልሆን ወደ ኋላ እንድቀር ነገሩኝ። የሙላት ጭፍራ ወንዙ ዳር አድፍጦ ነበር።

መኮንኑ «ምን አለ?» አለኝ። ሰሙን ልሰጠው እችል ነበር። ነገር ግን መንገድ መሪውና እኔ ሁልጊዜ ከፊት ነበር የምንሄደው። ቢሻገሩ መጀመሪያ የምመታ እኔ ነኝ፤ ውሸቱ ቢታወቅም የምረሸን እኔ ነኝ። «ሙላት የሚባለው የሽፍቶች አለቃ ወንዙ ላይ ነው ይላል» አልሁት።

ወታደሮቹ በላይኛው መሻገሪያ ዞሩ። ሙላትንና አሥራ ሰባት ሰዎቹን ከጀርባ ገደሏቸው። ከቀትር በኋላ ተመልሰው ዋንዛ አፋፍን አቃጠሉ፤ ግራ ጌታንም በአውድማቸው ላይ ገደሏቸው። እኔ ከበቅሎዎቹ ጋር ተዳፋቱ ላይ ነበርሁ። ጭሱ የመጣው ወደዚያ ነው።

ያንን ታሪክ ስጽፍ አስተርጓሚው እንዲሳሳት አደረግሁት። መሳሳት ከማወቅ ይሻላል ብዬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ባዘዘው


ከደምበጫ ማዶ፣ ጥር 9 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለባዘዘው፣

ይቅር በሉኝ ብለሃል። ይህ ይቅርታ የእኔ ንብረት አይደለም፤ ልሰጥህ አልችልም።

የደበቅሁህን ልንገርህ። ግራ ጌታ ጥሩብርሃን የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻቸው። በዚያ ቀን በገብስ ጭድ ውስጥ ተደብቃ ተረፈች፤ በሦስተኛው ቀን እዚህ ደረሰች። ያስጠጋቻት እናትህ ናት። እግሯን ስታጥባት «የሚያስተረጉመው ሰው ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀቻት። ጥሩብርሃንም በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው አለቻት። እናትህ መታጠቢያውን አስቀምጣ ወጣች።

በማግሥቱ ፀጉሯን ተላጨች። ልጄ ሞተ ብላ ለቅሶ ተቀመጠች። ፍትሐት አስፈታች፤ በአርባኛው ቀን ተዝካርህን አወጣች። ጸሎቱን የመራሁት እኔ ነኝ። በሕይወት እንዳለህ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አንድም ሰው ግን ይህን ለእናትህ ሊነግራት አልደፈረም። ጋቢው የተመለሰብህ ለዚህ ነው።

እኔ ግን ጥሩብርሃን ነግራኝ እንኳ ዓመት ሙሉ አላመንሁም። ጠባሳ ያለው ሰው ብዙ ነው እያልሁ ኖርሁ። ደምለውን ወደ አንተ የላክሁት «ያ ሰው እኔ አይደለሁም» የሚል ቃል እንዲያመጣልኝ ነበር። አንተ ደብተር ላክህ፤ ያሳመነኝ ደብተርህ ነው።

በእኔም ላይ ያለ ነገር አለ። ከተማሪዎቼ ሁሉ ወርቁን ከሰሙ ፈልቅቆ በማውጣት የሚቀድምህ አልነበረም። ይህን ሳስተምርህ ወርቁ ለማን እንደሚሰጥ፣ ከማንስ እንደሚከለከል አላስተማርሁህም። ሲፈታ ብቻ ደስ እያለኝ አሳደግሁህ።

ደብተሩን መልሼልሃለሁ። እንደ ገና ጻፈው። ለእያንዳንዱ ግሥ ባለቤቱን ስጠው፤ አስተርጓሚው የሚለውን ቃል እንዳላይብህ።

ወልደ ሩፋኤል


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 22 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለየኔታ፣

ስለ እናቴ የጻፉልኝን ለየብርጓል አነበብሁላት። ከየት እንደ መጣሁ እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። ፅንስ ይዛለች፤ ይህንንም ለእርስዎ ሳልነግር ቆይቻለሁ።

ደብተሩን እንደ ገና ጽፌዋለሁ፤ ዘጠኝ ገጽ ሆኗል። ከመኮንኑ ጥያቄ በፊት፣ ከማሳው ድንበር ላይ ቆመን ሳለን ያየሁትን አንድ ገጽ ግን ጨምሬአለሁ። ለመንደሩ ታሪክ ምንም አይጠቅምም፤ ልተወው ብዬ አልቻልሁም። እኔ የሚለውን ቃል መጻፍ በጣም ከበደኝ፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ቀለሙ ፈስሷል፤ ይታገሡኝ።

ለጥሩብርሃን ያንብቡላት። ለእናቴም፣ ከሰማችዎ።

ባዘዘው


ከደምበጫ ማዶ፣ የካቲት 3 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለባዘዘው፣

እናትህ አልሰማችም፤ ስጀምር ተነሥታ ወደ ማጀት ገባች። ጥሩብርሃን ግን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አላለቀሰችም። ስጨርስ አንድ ቃል አረመችህ። «አባቴ ወደቁ ብሎ ጽፏል። አባቴ አልወደቀም። ተቀመጥ ብለው አስቀምጠው ነው የገደሉት። ከሩቅ ስለ ነበረ ነው» አለች። ከእኔ እርማት ሁሉ የእሷ ይበልጣልና አርመው።

ከዚያ፣ «ይምጣና በራሱ አፍ ያንብበው» አለች።

እንዳላማው የሙላት ታናሽ ወንድም ነው፤ የተረፈውን ጭፍራ አሁን የሚመራው እሱ ነው። ብትመጣ ከእሱ የሚደበቅ ነገር የለም፤ ስለዚህ ሄጄ አነጋገርሁት። «ሲያነብ አልነካውም» ብሎ ማለልኝ። ካነበብህ በኋላ ስላለው አልማለልኝም።

ና አልልህም። ቅርም አልልህም። የምትመጣ ከሆነ ለኪዳነ ምሕረት በዓል ድረስ፤ ሕዝብ ባለበት ይሁን።

ወልደ ሩፋኤል


ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 11 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለየኔታ፣

እመጣለሁ። ቃሉን አርሜዋለሁ። የብርጓል ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ ዛሬ ጠዋት ስንቅ ስትቋጥር አገኘኋት። ወደ አምበር፣ ወደ እናቷ ቤት አደርሳትና ከዚያ እነሣለሁ። የሚጽፍላት ሰው ከእርስዎ በቀር የለኝም።

ባዘዘው


ከደምበጫ ማዶ፣ ሰኔ 14 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ የብርጓል፣ አምበር፣

ልጄ ሆይ፣ ፊትሽን ሳላይ የምጽፍልሽ የመጀመሪያ ደብዳቤ ይህ በመሆኑ አዝናለሁ። መሞቱን ከደምለው ሰምተሻል፤ ስለዚህ ከዚያ የቀረውን፣ የጠየቅሽኝን ልንገርሽ።

ፈርቶ ነበር ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ፈርቶ ነበር። ቅዳሴ ሲያልቅ በደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆመ። አርባ የሚሆን ሰው ነበረ። እንዳላማው ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከፊት ተቀመጠ። ባልሽ ደብተሩን ገልጦ ማንበብ ጀመረ። ሙላትን ለመኮንኑ የነገረበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። ጥሩብርሃን «ቀጥል» አለችው፤ ቀጠለ። አንድም ቃል አልዘለለም፤ እኔ ቃሉን በቃሌ አውቀው ስለ ነበር እየተከተልሁት ነበር።

ሲጨርስ ሽማግሎች ምሕረት ሊለምኑለት ድንጋይ ተሸክመው በእንዳላማው እግር ሥር ወደቁ። ጥሩብርሃን «እኔ ደም አልፈልግም» አለች። እንዳላማው ግን፣ «እሷ የአባቷን ደም ተወች፤ እኔ የወንድሜን ነው የምለው። እስከ ፋሲካ ከእኔ ጋር ይዝመት፤ ከዚያ በኋላ እናያለን» አለ። ባልሽ በዚያው ሰዓት ጥይት ተሸክሞ ተከተላቸው። እናቱ ከጥዱ ጀርባ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ቆማ ነበር። በአጠገቧ ሲያልፍ አላናገረችውም፤ ግን እስኪያልፍ ቆመች።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ከጣሊያኖች ጋር በአንድ ድልድይ ላይ ሲዋጉ ሞተ። ከፊት ነው ወይስ ከኋላ የመቱት ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሬሳውን አላየሁም፤ እዚያው ነው የቀበሩት። እንዳላማውን ጠየቅሁት። «የኔታ፣ ጦርነት ነው» ብሎ ወደ ሌላ አየ። ከዚህ የበለጠ አላውቅም፤ የማላውቀውንም ለማጽናናት ብዬ አልጽፍልሽም።

ዘሪቱ ዳግመኛ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ለእሱ አልቅሼ ጨርሻለሁ ትላለች። ነገር ግን ትናንት ወደ እኔ መጥታ፣ ልትወልጂ ስንት ወር እንደ ቀረሽ ጠየቀችኝ፤ አራስ የሚጠይቅ ሰው አምበር አለ ወይ አለችኝ። የፈለግሽውን መልስ ላኪላት።

ደብተሩን እንድልክልሽ ያዘዝሽኝን ግን ልፈጽምልሽ አልቻልሁም። ጥሩብርሃን ይዛዋለች፤ አልሰጥም ብላለች። ማንበብ አትችልም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ታመጣልኝና አንድ ገጽ ብቻ ታስነብበኛለች፤ ባልሽ በኋላ የጨመረውን። በዚያ ገጽ ወታደር ገና አልታየም። ግራ ጌታ ከበሬዎቹ ኋላ ይዞራሉ። አንዱ በሬ ጎንበስ ብሎ ገብሱን ይጎርሳል፤ እሳቸው በጅራፉ እጀታ ጎኑን መታ ያደርጉትና ይስቃሉ። ከዚያ ላባቸውን በክንዳቸው ጠርገው ወደ ቤት ዞር ይላሉና፣ «ጥሩዬ፣ ውኃ አቀብይኝ» ይላሉ።

ባልሽ ይህን ከማሳው ድንበር ሆኖ ሰምቶት ነው የጻፈው። እሷ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ እህል ትፈጭ ነበር፤ የወፍጮው ድምፅ ጋርዷት አልሰማችም። እዚያ ቃል ላይ ስደርስ እጇን በደብተሩ ላይ ታሳርፋለች፤ እኔም አቆማለሁ።

ወልደ ሩፋኤል